የዳኛው ዘጠና አራት ሰዓት

ወንድሜ ዮርገን ስዊድን አገር፣ ኖርሾፒንግ ከተማ ውስጥ ትራም ይነዳል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲመላለስ አንድ ተሳፋሪ ላይ እንኳን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በሕንፃችን ምድር ቤት ባለችው የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰው ተራውን ሲነጥቀው ዘንቢሉን ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣል። አንዱ ጎረቤት ተናዶ "የማድረቂያውን ማጣሪያ ሳታጸዳ የሄድክ ባለጌ፣ ራስህን ታውቃለህ" የሚል ስም የሌለው ወረቀት በሩ ላይ ከለጠፈ፣ ያላጠፋው ዮርገን ነው ወርዶ የሚያጸዳው።

ይኸው ሰው ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ "ዳኛው" ይባላል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ወንድሜ ስለሆነ ይህን አልደብቅለትም።

ነገሩ የጀመረው "የጭጋጉ ወንዝ" በሚባል ጌም ነው። ዘንዶም ጠንቋይም አለበት፤ ተጫዋቹ ጎራዴ ታጥቆ አገር ላገር ይዞራል። ወንዝ ሲደርስ አንዲት አሮጊት በጀልባ ታሻግረዋለች። እናታችን በሞተች ዓመት ዮርገን ይህን ጌም አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። እኔ ግድግዳ ተጋርቼው የምኖር ታናሽ እህቱ ማሊን ነኝ፣ መቼም ምላሴ አያርፍም፤ "ሰው እናቱን ቀብሮ ዘንዶ ያሳድዳል?" ብዬ ጮህኩበት።

"ለዘንዶው አይደለም፤ ለአሮጊቷ ነው። ስሳፈር 'ተቀመጥ ልጄ፣ አንተን ሳልይዝ ወንዙን አልሻገርም' ትለኛለች" አለኝ።

አንጀቴን በላው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዘንዶው አንስቼበት አላውቅም። ያችን የአሮጊቷን ቃል ስልኩ ላይ ጭኖ የጥሪ ድምፅ አደረጋት። ስለ ጌሙም ይጽፍ ጀመር፤ ሲጽፍ ደግሞ ትራም ላይ የማናውቀው ደፋር ሰውዬ ይወጣዋል። ተጫዋቾቹ በሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ ሰው "ዳኛው ምን አለ?" ሳይል ጌም አይገዛም እስኪባል ደረሰ።

ስምንት ዓመት ተጫዋቾቹን አስጠብቆ የጌሙ ሁለተኛ ክፍል ባለፈው መኸር ወጣ። አቤት ጭቅጭቅ! ግማሾቹ "ውጊያውን ለሕፃን አቅልለውታል፣ አገሩን አስፍተው ባዶ አድርገውታል" ይላሉ። ግማሾቹ "የድሮው ይሻል ነበር የምትሉት እናንተው ስላረጃችሁ ነው" ይሏቸዋል። በዚህ መሐል ሁሉም ዳኛውን ይጠብቃል። ዳኛው ደግሞ ሁለት ሹፌሮች በጉንፋን ስለወደቁ ከንጋት እስከ ምሽት ትራም ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወተና አሮጊቷ ጀልባዋን ይዛ ስትመጣ ሰማት። ድምፁ ሌላ ነበር፤ ይጎተታል፣ ቃልና ቃል መሐል ይቆማል። "ይቺ እሷ አይደለችም" አለና ዘጋው።

እዚያ መድረክ ላይ ሐሜት ሞልቷል፤ ድምፁን ማሽን ነው የሠራው የሚል ወሬ ቀድሞም ይናፈስ ነበር። ለዮርገን ያ በቂው ነበር። ችግሩ፣ አስተያየት ስትጽፍ ስንት ሰዓት እንደተጫወትክ ከስምህ ጎን ይታያል። በሁለት ሰዓት የፈረደን ሰው ማንም አይሰማውም።

እና ምን አደረገ? ጠዋት ጌሙን ከፍቶ ትቶት ወደ ሥራው ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ፤ ስድስት ቀን። እኔ ቤት ሆኜ የጌሙን ዝናብና ዋሽንት በግድግዳው በኩል ስሰማ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት፤

"አንተ፣ ቤትህ ማን ገብቶ ነው ዝናብ የሚያዘንበው?"

"ሰዓት እየቆጠረልኝ ነው" አለ እያፈረ።

"ጎሽ! ትራሙንም እንዲሁ ለቀኸው ቤትህ ተኛ፣ ደሞዝህ ይቆጠርልሃል" አልኩት።

እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ይህን ሳቄን ባላወራው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ስቄአለሁ።

በሰባተኛው ቀን ከስሙ ጎን ዘጠና አራት ሰዓት የሚል ቁጥር ይዞ ጻፈ። አስራ አንድ ሺህ ሰው ወደደለት፤ ከአስተያየቶቹ ሁሉ በላይ ወጣ። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ የአተር ሾርባ ይበላል፤ የዚያን ሐሙስ ኬክ ይዞ መጣ። እኔም ኬኩን በላሁ።

ወራት አለፉ። መጋቢት ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ከጉንቮር ጋር አንሶላ እናጥፋለን፤ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው። ጉንቮር ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወደ ሕንፃችን የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት ሊፍት ያለው ቤት ፈልጋ ነው። በእኛ ሰፈር አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ ጉንቮርም ጉንቮር ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። ዮርገን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ማሽኑ እስኪጨርስ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ፤ "ተቀመጥ ልጄ፣ አንተን ሳልይዝ ወንዙን አልሻገርም።"

የጉንቮር እጅ አንሶላው ላይ ቀረ።

"ያቺ... እኔ ነኝ" አለች።

"የቷ?" አልኳት።

"ስልኩ ውስጥ ያለችው። እኔ ነኝ እኮ!"

ዮርገን ስልኩን ሳያነሳ ዘግቶ ቆመ። ፊቱ የበራው እንደ ልጅ ነበር። ጉንቮርም እየሳቀች ነገረችን። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ቲያትር ውስጥ ትጫወት ነበር። ጌሙን የሚሠሩት ወጣቶች እዚያ ሰምተዋት ወሰዷት።

"ያኔ ድምፅ ነበረኝ። ከዚያ... ስትሮክ መታኝ። ስምንት ወር ሙሉ ማንኪያ ማለት አቃተኝ። አስቡት፣ ዕድሜዬን ሙሉ በማንኪያ የኖርኩ ሴትዮ!"

ዮርገን ቁጭ አለ።

"ልጆቹ ጠበቁኝ" አለች። "ሁለተኛውን ክፍል ለኔ ሲሉ አዘገዩት። አሮጊቷን ወንዝ ውስጥ ወድቃ... የወጣች አደረጓት፤ ንግግሯ እንደኔ እንዲሆን። አሁንም ለተጨማሪው ክፍል ከፋሲካ በኋላ ነይ ብለውኛል።" አንሶላውን ለኔ አቀበለችኝና ወደሱ ዞረች። "አንተ ተጫዋች ነህ። ሰው ስለኔ ምን አለ? ልጆቹን ስጠይቅ 'ወደውሻል' ይሉኛል። ደጎች ናቸው፣ ስለዚህ አላምናቸውም። አንብብልኝ።"

ወንድሜ ስልኩን ከፈተ። ጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደና አንዱን አገኘ፤ "ጀልበኛዋ አሮጊት ጥሩ ናት፣ ደስ ትላለች" ብሎ አነበበ።

"ብዙ ቆፍረህ ያገኘኸው እኮ ነው" አለች ጉንቮር። "ከላይ ያለውን። ሰው የተስማማበትን አንብብልኝ።"

ሊዋሽ ይችል ነበር። ዮርገን ግን ሰው ፊት ለፊት ሲያየው መዋሸት አይችልበትም፤ የሱ ውሸት ሰው በሌለበት ነው። ቃሉን ያውቀዋልና ግጥም በቃልህ በል ተብሎ እንደቆመ ተማሪ ወለሉን እያየ አነበበው፤

"የድሮዋን ሴትዮ አባረው በማሽን ተክተዋታል። ቃሉን እንደታመመ ሞተር እየጎተተ ያወጣዋል። ዘጠና አራት ሰዓት ሙሉ ሰማሁት፤ አንድ ጊዜ እንኳን ነፍስ አላገኘሁበትም። ይህን ድምፅ ለሰው ማሰማት ነውር ነው።"

ማጠቢያው ውሃውን እየጨመቀ ይጮኻል። ጉንቮር ማድረቂያውን ተደግፋ ቆመች።

"ማነው ይሄ?"

"ዳኛው... የሚባል ሰው ነው" አለ ዮርገን።

"ዘጠና አራት ሰዓት?"

"ይላል።"

ትቆጣለች፣ ትሰድባለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበው ምንኛ በተገላገልኩ።

"ዘጠና አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው በክፋት አይደለም" አለች። "ቶሎ ተናዶ ቢሄድ አልሰማውም ነበር። ይሄ ግን እስከመጨረሻው ሰምቶኛል። እኔም እኮ ራሴን ስሰማ... እንደዚያው ይሰማኛል። ልጆቹ አዝነውልኝ ነው ማለት ነው። አይይ፣ አዝነውልኝ ነው!"

ዮርገንን አየሁት። እሱም አየኝ። ያ ቁጥር ውሸት መሆኑን በዓለም ላይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርን። አንሶላው እጄ ላይ ነው፤ እሱን አስተካክዬ ማጠፍ ጀመርኩ። ጠርዙን ከጠርዝ ገጠምኩ። ጉንቮር ዘንቢሏን ይዛ "አመሰግናለሁ፣ እውነቱን ስላነበብክልኝ" ብላው ወጣች።

ደረጃው ላይ ያዝኩት። "አሁኑኑ ሂድና ንገራት!"

"ነገ" አለ።

"ነገ ምን ይጨመርልሃል?"

"አንቺስ አፍ የለሽም? እዚያው አልነበርሽም?"

በሬን በላዩ ላይ ዘጋሁት። ሰኞ "ትራም አለብኝ" አለ፣ ማክሰኞ ራሱን አመመው። ረቡዕ በግድግዳው በኩል የጌሙን ዋሽንት ሰማሁና ደሜ ፈላ፤ በሩን ልሰብረው ደረስኩ። ከፈተልኝ፤ ለካ በዚህ ጊዜ ራሱ ነበር የሚጫወተው። ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ፊቱን አልታጠበም።

"ሰምቼያት ልሂድ ብዬ ነው፤ ባዶ እጄን አልሄድም" አለ።

ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የኔም ሞኝነት እሺ ብዬ መመለሴ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ "ማሊን!" ብሎ በግድግዳው ተጣራ። ስደርስ ጀልባው ወንዙ መሐል ነው። አሮጊቷ መቅዘፊያውን ጥላ ስለ ወደቀችበት ቀን ታወራለች። አንድ ቃል ይጠፋባታል። ትፈልገዋለች። ጌሙ ተጫዋቹን አያስቸኩልም፤ እንደሷ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ታገኘዋለች፤ ስታገኘው የምትስቀውን ሳቅ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ዮርገን እናታችን ስትሞት ያላለቀሰውን ያህል አለቀሰ። "እዚህ ለመድረስ ሠላሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል" አለኝ። "ሠላሳ አንድ ብቻ።"

ቅዳሜ ጠዋት የድሮውን አስተያየት አጥፍቶ በቦታው እውነቱን ጻፈ፤ ጌሙን ከፍቶ ወደ ሥራ እንደሄደ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ እንደተጫወተ፣ ድምፁ የሰው፣ ያውም የታመመች ሰው ድምፅ እንደሆነ። ቡናዬን ሳልጨርስ መልሱ ይዘንብ ጀመር። "ስንት ከፈሉህ?" "ዳኛው ጉቦ በላ!" "ማሽን ነው ያልከውን ሁላችንም ሰምተናል።" የድሮውን ቃሉን ገልብጠው ከሥሩ መቶ ጊዜ ለጠፉለት። ስልኩን ኪሱ ከተተና "ነይ፣ አብረሺኝ ግቢ" አለኝ።

ጉንቮር በሩን ከፈተች። ዮርገን ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ሰላም እንኳን ሳይል ተናገረ።

"ዳኛው እኔ ነኝ። ዘጠና አራት ሰዓቱ ውሸት ነው። ማንም አልሰማሽም ነበር፤ ቤቱ ባዶ ነበር። አሁን ግን ሰምቼሻለሁ..."

እጇን አነሳችና አስቆመችው። ቃል እየፈለገች እንደሆነ ስለገባን ጠበቅን።

"ለምን?" አለች።

"ሰው ይጠብቀኝ ነበር።"

"ረቡዕ ለልጆቹ ደወልኩላቸው" አለች ጉንቮር። "ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ አለቀሰ።"

"መልሰሽ ደውይ!" አለ ዮርገን። "እኔ እደውላለሁ፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ተንበርክኬ..."

"እነሱማ እሺ ይላሉ። እኔ ነኝ የማልችለው። ትናንት እዚህ ቆሜ ለብቻዬ ሞከርኩ። አፌን ስከፍት ያነበብክልኝ ይመጣል፤ በአንተው ድምፅ።"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ለማለት አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ ደግነቱ አላላትም፣ ቢላት ኖሮ እሷ ላይ ሸክም ነበር። ጉንቮር ከሱ ዓይኗን አንስታ ወደኔ አየች። አስተያየቷ ቁጣ አልነበረበትም፤ የረሳችውን ነገር እንደምታስታውስ ሰው ነው ያየችኝ።

"ግድግዳችሁ አንድ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ባዶ ቤት ውስጥ ሲዘንብ ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር" አልኳት።

"እና ያን ቀን እሱ ሲያነብልኝ... ታውቂ ነበር?"

አዎ አልኳት። እሷም እየመላለሰች ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ "እኔ ደግሞ ያን ቀን አንቺን ነበር የማየው፣ ትስቅብኝ ይሆን ብዬ" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።