ማሳው ተበላ

ጋሽ ከፈለ መኪናቸውን የሚያቆሙት ቁልቁለት ፈልገው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከበሩ ራቅ ብሎ ካለው ተዳፋት፣ መርካቶ ሲወርዱ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያቆማሉ፤ ለቅሶ ሲደርሱም ዓይናቸው ከድንኳኑ በፊት ቁልቁለቱን ይፈልጋል። ቁልፉን ሲያዞሩት «ቀጭ» ብላ ዝም የምትል መኪና ያለችው ሰው ምድርን የሚያያት ዳገትና ቁልቁለት ብሎ ከፍሎ ነው። ሜዳ ላይ የቆመች እንደሆነ የሰፈር ጎረምሳ መለመን ይመጣል። «ጋሼ፣ ዛሬም ቁርስ ሳንበላ?» እያሉ ይገፉላቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ፒክአፗ አሮጌ ናት። ጋሽ ከፈለ የመንገድ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ እሷም በዚያው ዓመት በጨረታ ወጣችና ገዟት። «አብረን ተጣልን» ይሉ ነበር ድሮ፣ ቀልድ ሳይሰለቻቸው በፊት።

በዚያ ሳምንት ግን መኪናዋ የግድ መነሣት ነበረባት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ ዘለቀ በደዶ ገጠር ከአባታቸው የቀረች ትንሽ የቡና ማሳ አለቻቸው። ጊዜው የገጠር መሬት በገመድ እየተለካ ለባለይዞታው ማረጋገጫ የሚሰጥበት ነበርና፣ ማሳዋን የሚያርሙላቸው አቶ ሶሬሳ መልእክት ሰደዋል፤ «አርብ ጠዋት ለኪዎቹ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። ባለስሟ ራሷ ቆማ ካላሳየች ለሌላ ይጽፉታል።» ሚኒባስ እስከ ደዶ ከተማ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን የወይዘሮ ብርሃኔ ጉልበት አይችለውም። ከሳሎን ጓዳ የሚገቡት እንኳ በምርኩዝ ነው።

እነሆ ሐሙስ ረፋድ፣ ጋሽ ከፈለ በግቢያቸው ውስጥ ኮፋኖውን ከፍተው አንገታቸውን ከተዋል። መካኒኩ መሐሙድ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሊሠራ ሰኮሩ ሄዷል። ከአንድ ሱቅ ስልክ ደውሎ በቃል ሊመራቸው ቃል ገብቷል። የቤቱ ስልክ ሽቦ ከሳሎን ስለማይወጣ፣ ወይዘሮ ብርሃኔ መነጋገሪያውን ይዘው በመስኮት ያስተላልፋሉ።

በባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ነገር እንደ ሻጋታ ዳቦ አብጧል። ጋሽ ከፈለ ፍል ውኃ አፍስሰው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትጉት፣ ገመዱ ብቅ አለ፤ ባትሪውን ከመኪናዋ የብረት አካል፣ ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ጥቁሩ ገመድ። የጋራዥ ሰው ይህንን ገመድ ማሳ ይለዋል። ከጣሊያን የተረፈ ቃል ነው። ጋሽ ከፈለ ከግምጃ ቤቱ መደርደሪያ እያወረዱ ስንቱን ማሳ ለስንቱ ሾፌር ሰጥተዋል! ወይዘሮ ብርሃኔ ግን ከቡናው በቀር ሌላ ማሳ አያውቁም።

«ማሳው ምን ይመስላል ይልሃል!» አሉ ወይዘሮዋ በመስኮት፣ ግር ብሏቸው።

ጋሽ ከፈለ ገመዱን ጎንበስ ብለው አዩት። ላስቲኩ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

«ተበልቷል በይው! ጭራሽ አልቆለታል!»

ከሳሎን ስልኩ ሲዘጋ ተሰማ። ጋሽ ከፈለ ብሩሹን እንደያዙ «ምን አለ?» አሉ። ደግመው ሊጣሩ ሲሉ በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ብርሃኔ በምርኩዛቸው ደረጃውን ወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ማነው የበላው?»

«ምኑን?»

«ማሳውን ነዋ! ተበልቷል አላልክም?»

«ማን ይበላዋል፣ ዕድሜ ነው እንጂ። ስንት ዓመቱ!»

«ሶሬሳ ነው አይደል? ወይስ ያ መሐሙድ? እሱም የደዶ ልጅ ነው። ‹ድሮውንም ነግሬያቸው ነበር፤ ማሳውን ይልቀቁትና በሌላ ይተኩት› አለኝ፣ አፉን ሞልቶ! ከሰው ጋር መክረህ ጨርሰሃል ለካ!»

«እንዴ፣ እሱን ሳላማክር ማንን ላማክር? ሥራው እኮ ነው።»

«የኔን ማሳ መሸጥ ነው ሥራው?»

ጋሽ ከፈለ ያን ጊዜ ገባቸው። ድካም እንጂ ሳቅ አልመጣላቸውም። በመፍቻው ብሎኑን ፈትተው ገመዱን አወጡና ወደ ላይ አንጠለጠሉት። አረንጓዴው ዱቄት ጫማቸው ላይ ተራገፈ።

«ማሳው ይኸውልሽ» አሉ። «የተበላው ይኼ ነው።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ጠጋ ብለው አዩት። «ይኼን ነው ማሳ የምትሉት?»

«ይኼንን።»

«ምነው፣ ስም ጠፋ?» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እስኪስሉ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቀሩ።

«እኔም ወድጄ አልጠረጠርኩህም» አሉ በኋላ። «ባለፈው ወር ‹ብንለቀውስ› ብለኸኛል።»

እውነት ነው፤ ብለዋል። ከደዶ ተመልሰው፣ መኪናዋን በሰው አስገፍተው፣ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ወንበር ላይ እንደተዘረጉ ብለውታል። ክፋት አልነበረውም። የደከመው ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ መልቀቅ ነው።

«ስንት ጆንያ ቡና ይወጣዋል ብዬ ነው ብርሃኔ? ሁለታችንም አርጅተናል።»

«ስለ ቡናው መች አልኩህ? የቀበሌ ቤቱ በአንተ ስም፣ እድሩ በአንተ ስም፣ ስልኩ በአንተ ስም። ይቺ ቆርቆሮ እንኳ በአንተ ስም ናት። ብርሃኔ ዘለቀ የሚል ነገር ከዚያች ማሳ ሌላ የታለ?»

ጋሽ ከፈለ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የቤቱን ወረቀት ሲፈርሙ ይህ ነገር ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ኮታቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው ለበሱ።

«መርካቶ ደርሼ ልምጣ» አሉ።

በእግራቸው ወርደው ሲደርሱ ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘውት ነበር። የመለዋወጫ ሱቅ ያላት ፈድሊያ ከሩቅ አይታቸው በርጩማ ሳበችላቸው።

«ጋሼ፣ ያቺ ፒክአፕ አሁንም አለች? አላህ ዕድሜ ይስጣት!»

«ዕድሜውንስ ሰጣት፤ ጤናውን ነው የነፈጋት። ወፍራም ገመድ ስጪኝ ልጄ፣ ከነሞርሴቶው።»

«የማሳ ነው?»

«ቀስ ብለሽ ጥሪው። እኛ ቤት ጦርነት አስነሥቷል።»

ፈድሊያ ታሪኩን ስትሰማ ከጎን በጨርቅ ጣቃ መሐል ያለችው ጎረቤቷ እስክትሰማ ሳቀች። ገመዱን ግን ከሚያስፈልጋቸው ረዘም አድርጋ ቆረጠችው። «ትርፉ ለእትዬ ብርሃኔ ይሁን» አለች። ከባትሪው ራስ ጋር የሚያጠብቀውን ሞርሴቶም ራሷ በጫፉ ላይ ገጠመችላቸው።

ከሰዓት በኋላ መሐሙድ ዳግም ደወለ። ወይዘሮ ብርሃኔ ይቅርታ ጠይቀውት፣ «ማሳው የሚታሰረው በመጨረሻ ነው ይልሃል፤ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል» ብለው በመስኮት አስተላለፉና ወጡ። ጋሽ ከፈለ ሻንሲውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱን አበሩት። አንድ እጅ ግን አነሳቸው። ብሎኑን ሲያስገቡ ገመዱ እያፈተለከ አስቸገራቸው።

«እስቲ ማሳሽን ያዥልኝ።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ምርኩዛቸውን ከመኪናዋ አስደግፈው ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ይዤዋለሁ» አሉ። «አለቅም።»

ብሎኑ ጠበቀ። ሞርሴቶው በባትሪው ራስ ላይ ገባ፤ ግራሶ ተቀባ። ጋሽ ከፈለ ቁልፉን ሲያዞሩ የለመዱትን «ቀጭ» ጠብቀው ትከሻቸውን አኮማትረው ነበር። ሞተሩ ግን አንዴ አጓርቶ ተነሣ። ደስታ ይሁን ድካም ሳይታወቃቸው መሪው ላይ ግንባራቸውን አሳረፉ።

በማግሥቱ ጤዛው ሳይረግፍ ደዶ ደረሱ። አቶ ሶሬሳ ከቡናው መሐል ወጥተው «አካም ቡልታኒ! እንዴት አደራችሁ!» እያሉ ወይዘሮዋን ደግፈው አወረዱ። አካባቢው ሜዳ ነበር። ጋሽ ከፈለ ዓይናቸው ቁልቁለት ሲፈልግ ቆየና ተወው። ሞተሩን ሜዳ ላይ አጠፉት። ለኪዎቹ እስኪመጡ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሊያደርጉ አስበው ነበር።

ለኪዎቹ ገመድ የተሸከሙ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። «ባለይዞታው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ብርሃኔ ዘለቀ።» ወይዘሮዋ በምርኩዛቸው ቀጥ ብለው ከአባታቸው ዋንዛ ሥር ቆመዋል።

አንደኛው ወጣት ሰው አነሰውና ወደ ፒክአፗ መጣ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ጫፍ ይያዙልን።»

ጋሽ ከፈለ እየከበዳቸው ወረዱ። ገመዱ በጤዛ ርሷል፤ መዳፍ ይፍቃል። ቡናውን እየሰነጠቀ ሄዶ ማዶ ላይ ሲወጠር ትከሻቸውን ሳባቸው።

«ከፈለ!» የሚል ድምፅ ከዋንዛው ሥር መጣ። «እንዳትለቅ!»

«ይዤዋለሁ!»

ክንዳቸው ዝሎ ነበር። ልጁ «በቃ አባባ» እስኪላቸው ድረስ ግን አልለቀቁም።