ዘግይቶ የሚደርስ አስማት

እህቴ በሕይወት ሳለች ሁለታችን አንድ አገር ነበረን። የጠንቋዮችና የአስማተኞች አገር ነው። ዘመኑ ጥንት ነው፤ ባሩድ ያልመጣበት፣ ንጉሥ እንኳ አስማተኛውን ሳያማክር ፈረሱን የማይጭንበት ዘመን። ካርታው ግን የእኛው ሰፈር ነበር፤ በስደት የምንኖርባቸው የፈረንጅ አገር ከተሞች። በየከተማው በረጃጅም እግር የቆሙት የውሃ ማማዎች የጠንቋዮች ግንቦች ናቸው። የሳክሲው የአንዲት አሮጊት ጠንቋይ ነው። ሪቻርድሰን፣ እህቴ የተማረችበት፣ የብራና ጸሐፊዎች ከተማ። ዘንዶው ያለው ማኪኒ ነው።

“ለምን ማኪኒ?” አልኳት።

“እንዴ፣ የትራፊኩን ጭንቅንቅ አላየኸውም?”

ከሥራ ስትወጣ ከትምህርት ቤት ትወስደኝና ሱፐርማርኬቱ ጋ ፓርክ እናደርጋለን። ፀሐይ ስትጠልቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወፎች መብራት ምሰሶዎቹ ላይ ይሰፍራሉ። እነሱ የጠንቋዮቹ መልእክተኞች ነበሩ። እሷ ትንሿን ደብተር መሪው ላይ አስደግፋ የአገራችንን ታሪክ ትጽፋለች፤ እኔ ድንች ጥብስ እበላለሁ። ደስታ የሚሉት ነገር እሱ ነበር መሰለኝ። ያኔ አላወቅኩም።

እኔ ስናገር ቃል ይይዘኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሰው ይቸኩልና ቃሌን ይጨርስልኛል፣ በተለይ እማዬ። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እህቴ ግን አንድም ቀን ጨርሳልኝ አታውቅም። መሪውን በጣቷ እየመታች ትጠብቃለች። የታሪኳ ዋና ሰው፣ ያ ወጣት አስማተኛ፣ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አስማቱ ሁሉ ሦስት ቀን ይዘገያል። ሰኞ የጠራው ዝናብ ሐሙስ ሰርግ ላይ ይወርዳል።

“ይሄ እ... እኔ ነኝ?”

“ማን አለ? አንተ እኮ ሦስት ቀን አትዘገይም። ቢበዛ ሁለት።”

ስሙን ግን የእኔን የክርስትና ስም አደረገችው። እማዬ ይህን ስም ከቤት ውጭ እንዳንጠራው ታስጠነቅቀን ነበር፤ መተተኛ የሚፈልገው እሱን ነው ትላለች። እህቴ ደግሞ የጥንት አስማተኞች የሚጠሩት በድብቅ ስማቸው ነው ብላ ጻፈችው።

ባለፈው ዓመት ታመመች። ሦስት ሳምንት ነው የቆየችው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ለአርባዋ እማዬ ልብሷን ለአዲስ መጤዎች እንዲሰጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወስድ ስታወጣ፣ ደብተሩን ከካፖርቷ ኪስ አገኘችው። የከፈተችው ገጽ ሥዕል ያለበት ነው። ትልልቅ ዓይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ማንም የማያነበው ፊደል፣ በዙሪያው ክብ። በክቡ መሃል የእኔ የክርስትና ስም።

እማዬ አልጮኸችም። ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ የመኪና ቁልፍ አነሳች።

“ልጄን የበላት ይኼ ነው። አሁን ደግሞ አንተን ሊደግም። ተነስ!”

“እማ፣ የ... የእ...”

“የእሷ ኮት ውስጥ ነው፣ አዎ! ጠላት ነው ያስቀመጠው።”

ልል የነበረው እሱን አልነበረም። የእኛ ነው ልል ነበር።

መንገዱን ሁሉ ጮክ ብላ ስትጸልይ መግቢያ አጣሁ። ደብተሩ ሊቃጠል ነው ብዬ ፈራሁ። ከእህቴ የቀረኝ የእጅ ጽሕፈት ያ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ስልክ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩ።

“አባ፣ ያቃጥሉልኝ” አለች እማዬ። “ጸበል ይርጩና ያቃጥሉልኝ።”

“ማን ጻፈው?” አሉኝ እኔን።

“እ... እ...”

“እሱ ምን ያውቃል አባ፣ ይተዉት።”

“ቆይ እስቲ ልጄ፣ ይናገር። አንቸኩልም።”

መናገሩ አልሆነልኝም። ሳነብ ግን ቃል አይይዘኝም፤ ይህን ያስተዋለችው እህቴ ናት። እጄን ዘረጋሁ፣ ሰጡኝ። ሌላ ገጽ ከፍቼ አነበብኩ።

“በዚያ ዘመን ሌቦች የመንደሩን አህዮች ነድተው ሄዱ። ወጣቱ አስማተኛ፣ ‘ቁሙ!’ አለ። አህዮቹ አልቆሙም። በሦስተኛው ቀን፣ ሌቦቹ አንዱን አህያ ለገዳሙ አበምኔት ከሸጡ በኋላ፣ አስማቱ ደረሰ። አበምኔቱ በገበያው መሃል፣ አህያቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀጥ አሉ። ‘መውረድ ለክብሬ አይሆንም’ ብለው እስከ ሠርክ እዚያው ሆነው ሕዝቡን ባረኩ።”

የቄሱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መነጽራቸውን አወለቁ።

“አውቃቸዋለሁ እኚህን ሰውዬ!” አሉ።

እማዬን አየኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

“ይቺ ልጄ ናት” አለች። “እንዲህ የምትቀልደው እሷ ናት።”

ቄሱ ክብ ወዳለበት ገጽ መለሱኝ። “ይኼስ? ስምህ እዚህ ምን ይሠራል?”

እዚያ ገጽ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። መናገር ነበረብኝ።

“ክ... ክቡ...”

እማዬ ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። ቃሌን አልጨረሰችልኝም።

“ክቡ ውስጥ የቆመ ሰው፣ ቃሉን ማንም አይ... አይጨርስለትም። አሮጊቷ ጠንቋይ ናት የሳለችለት።”

ከዚያ ቄሱ ደብተሩን ዘግተው በእጄ አስያዙኝ።

“እህት ለወንድሟ የጻፈችው አይቃጠልም። ስሙን ግን ፋቅና ሌላ አድርግበት፤ እናትህ እንቅልፍ ታግኝ።”

እንደዚያም ሆኖ ለእማዬ ሲሉ ጸበል ረጩበት። እህቴ የሳለችው የአበምኔቱ አህያ ጅራት ላይ ቀለሙ ፈሷል። ስሙን እስካሁን አልፋቅኩትም። እማዬም አልጠየቀችኝም።

ስንመለስ ስለ ጠንቋዮቹ ግንቦች ከደብተሩ አነበብኩላት፤ ሳክሲ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። የውሃ ማማው ከፊታችን ነጭ ሆኖ ቆሟል። እማዬ ቀና ብላ አየችው።

“ያ ደግሞ የማን ነው? በእናንተ አገር?”

“የአ... የአ...”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጣቶቿ መሪውን ቀስ ብለው መምታት ጀመሩ። ከኋላችን ያለው ሰው ጡሩንባውን ነፋ፣ ደገመ።

“ይጠብቅ” አለች።

“የአሮጊቷ” አልኳት።