የቁጭ በሉ ገንዘብ

ባለቤቴ ያረጀው ጆንያ ተሸክሞ ነው። ጦርነቱ ሳይከፋ፣ በጉብዝናው ጊዜ፣ ጁባ ወደብ ይሠራ ነበር። ኋላ ስደት ወደ እኛ አገር ወሰደውና ጋምቤላ ሻይ ስሸጥ አገኘኝ። ሰላም ወረደ ሲባል «አገሬ ልግባ» አለ፤ እኔም እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ሴት ነኝና ተከተልኩት። በደረስን ቀን ዘመድ ቤት አልወሰደኝም፣ ወንዙ ዳር ነው የወሰደኝ። ባርጁ፣ ጭነት የሚያመላልሰው ጠፍጣፋ ጀልባ፣ ተጠግቷል፤ ከባርጁ እስከ ዳር ሳንቃ ተጋድሟል፤ ሰዎች ጆንያ በጫንቃቸው አድርገው በሳንቃው ላይ እየሮጡ ይወርዳሉ። አይቶ እንደ ልጅ ሳቀ። «ሳንቃው እንኳ አልተቀየረም!» አለኝ። በማግስቱ ሄዶ ተሰለፈ። ያኔ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ጡረታው ነው። ግን የወደቡን ወግ ሳልነግራችሁ ስለ ጡረታው ባወራ አይገባችሁም።

እዚያ ሰው ብቻውን አይሸከምም፣ በቡድን ነው። ቡድኑ ደግሞ አንድ «እጅ» አለው። እጅ የሚባለው በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ነው። ጭነት የሚያመላልሰው ድርጅት የሁሉንም ክፍያ ለእሱ ይሰጠዋል፤ እሱም ወደቡ ላይ ወዳለው ኒም ዛፍ ሥር ይዞት ይመጣና ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ወገቡ ለተቀጨ ወይም ወባ ለጣለው ድርሻ ነው። ቀጥሎ ቤቱ ሐዘን የገባበት ካለ ለእሱ። የቀረው እኩል ይካፈላል። እጁ ራሱ የሚያነሳው በመጨረሻ ነው፤ ከጎደለም ከእሱ ይጎድላል። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ አባቶቻቸው ሲያደርጉት ያዩት ነው።

ባለቤቴ የቡድኑ እጅ ሆነ። አልዋሽም፣ ኮራሁ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ስሄድ የተሸካሚዎቹ ሚስቶች «የእጁ ሚስት መጣች» እያሉ ቦታ ይለቁልኝ ነበር፤ እኔም የማልገዛውን ሁሉ እየነካሁ፣ ዋጋ እየጠየቅሁ፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ነበር ቤቴ የምገባው።

ከዚያ አንድ ዓመት ከሰሜን የሚመጣው ጭነት ተቋረጠ። ባርጆቹ ባዶአቸውን ታስረው ቆሙ፣ ሳቢሳ መሰል ወፍ ሰፈረባቸው። ድርጅቱ ሠራተኞቹ እንዳይበተኑበት ብሎ፣ ጭነቱ እስኪመለስ ድረስ ሥራ ለፈቱት ሰዎች ትንሽ ትንሽ ሊከፍል ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ውሉ፤ ገንዘቡን የሚወስድ ሰው ሌላ ቦታ መሥራት የለበትም። ሰዎቹ «የቁጭ በሉ ገንዘብ» አሉት። ከቡድኑ ውስጥ አንድ ትከሻው የተጣመመ ቀልደኛ አለ፣ ኢትዮጵያ በስደተኛ ካምፕ ያደገ፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል፣ አንቱታ ግን አያውቅም። እሱ ኒሙ ሥር ጋደም ብሎ፣ «ሐቦባ፣ አየሽ የዚህን አገር ነገር? ስንሮጥ ደሞዝ ያቆዩብናል፣ ስንተኛ በቀኑ ይከፍሉናል!» አለኝ። ሐቦባ በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው።

ሲመዘገቡ ጸሐፊው የእያንዳንዱን መታወቂያ ጠየቀ። ከካምፕ የመጣ ሰው መታወቂያ ከየት ያመጣል? እርስ በርስ ተያዩ። «ምን ችግር አለው፣ እንደ ወትሮው በእጃችን ስም ይሁን» አሉ። ጸሐፊውም ሥራ ቀለለለት፣ ደስ አለው። ባለቤቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። የቡድኑ ሁሉ የቁጭ በሉ ገንዘብ በእሱ ስም እየገባ፣ እሱ እያወጣ፣ ኒሙ ሥር እያካፈለ ያ ወራት አለፈ።

ድርሻው ለአንድ ቤት ወጥ እንኳ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ኮንዮ ኮንዮ እየሄዱ የዱቄት ጆንያ ይሸከሙ ጀመር። ማን ያላወቀ አለ? የእኔ ሰውዬ ብቻ ነው የተቀመጠው። «ቃል ሰጥቼ ጣቴን አትሜያለሁ» ይላል፤ ጧት ተነስቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሄዶ ኒሙ ሥር እስኪመሽ ይቀመጣል። ከሁሉም እውነተኛው ሥራ ፈት እሱ ነበር።

ቤት የምንሠራበት ቦታችን ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነበር፣ ሸሪካት የሚባል ሰፈር። ሱልጣን የሚሉት የሰፈሩ ሹም ቁራሽ መሬት ሰጥቶናል፤ ሲሰጠን ግን «ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንዲት ክፍል፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ካልቆመችበት ለሌላ ተረኛ እሰጣለሁ» ብሏል። ፈራጅ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም፤ መሬት የሚለምነው ሰው ብዙ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድልድዩን በእግራችን ተሻግረን እናየዋለን። ባለቤቴ በማዕዘኖቹ ላይ ድንጋይ አስቀምጧል። በሩ የሚሆንበት ቦታ ላይ ይቀመጥና፣

«በሩ ወደ ወንዙ ይሁን» ይላል።

«ወደ ምሥራቅ ነው የሚሆነው፣ ጧት ፀሐይ ይግባልኝ» እላለሁ።

«አንቺ ሴት፣ ዕድሜ ልክሽን ፀሐይ ላይ ስትዞሪ ኖረሽ አልጠገብሽም?»

«አንተስ ወንዙን አልጠገብክም?»

በሌለ ቤት በር ተኳርፈን ድልድዩን እየተራራቅን የተመለስንበት ጊዜ አለ። ከጁባ ኑሮዬ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ጭነቱ ሲመለስ ድርጅቱ ሽማግሌዎቹን አልፈለገም። ባለቤቴ የድሮውንም የአሁኑንም አገልግሎቱን ደምረው ጡረታውን በአንድ ጊዜ እንደሚሰጡት ተነገረው። ሰውዬዬ ያን ቀን ወደ ቤት የመጣው በቦዳቦዳ ነው። በሕይወቱ ለሞተር ከፍሎ አያውቅም። ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ ምስማሩ፣ በሩ፣ ሁሉም ከዚያ ይወጣል። «በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁንልሽ» አለኝ። ተሸነፈልኝ ማለት ነው።

ገንዘቡን ለመቀበል ግን መጀመሪያ ግብር ቢሮ ማለፍ ነበረብን። እዚያ ያገኘነው ልጅ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ ሲያየኝ «እማማ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ።

«አባባ፣ በዚህ ዓመት ብዙ ገቢ ነበረዎት እንዴ?»

«የምን ገቢ? ቁጭ ብዬ ነበር።»

«እሱ ነው። ሥራ ሲፈቱ የተከፈለዎት ገንዘብም ገቢ ነው። ጡረታዎ ብቻውን ቢሆን ትንሽ ነው፣ ታክስ አይነካውም። አሁን ግን ሁለቱ አንድ ላይ ይደመራሉ። ሲደመሩ ደግሞ ታክስ ከሚጀምርበት መስመር በላይ ወጥተዋል፣ ያውም በጣም። ስለዚህ ከጡረታው ላይ ይቆረጣል።»

«ልጄ» አልኩት፣ «ቁጭ ማለት ገቢ ነው?»

«በእኛ ቤት አዎ፣ እማማ።»

«ሮጦ የሠራበት ጡረታ ቁጭ በማለቱ ምክንያት ይቀነሳል ነው የምትለኝ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ነገሩ ገባውና ቀስ አድርጎ አስረዳው፤ ስለ እጅ ነገረው፣ ስለ ኒሙ ነገረው፣ ስለ ታመመውና ስለ ሐዘንተኛው ድርሻ ነገረው። ልጁ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማ። ሲጨርስ፣ «አባባ፣ እኔ አምንዎታለሁ። እዚህ ግን የአንድ ሰው ስም ነው ያለው። የተካፈሉት ሰዎች ይምጡና እያንዳንዳቸው ‹ድርሻዬን ወስጃለሁ› ብለው ጣታቸውን ያትሙልኝ። ያኔ ገንዘቡ በየስማቸው ይከፋፈላል፣ የእርስዎ ከመስመሩ በታች ይወርዳል፣ ጡረታዎን ሙሉውን ይወስዳሉ። እስከ ዓርብ ድረስ ወረቀቱን ይዤ እቆያለሁ» አለ።

እኔ ከወንበሩ ስነሳ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ እኮ የእኛው ናቸው! ወባ ሲጥላቸው ድርሻቸውን እኔ ነኝ ቤታቸው ያደረስኩላቸው።

ባለቤቴ ግን ሰዎቹን ሊጠራቸው አልፈለገም። «እጅ ጣቶቹን አይለምንም» አለኝ። እኔ ለማኝ ነኝ፣ ምን ይቀርብኛል? ነጠላዬን አደግድጌ ወጣሁ። ኮንዮ ኮንዮ፣ ወደብ፣ ሸሪካት፣ ሁሉም ጋ በእግሬ ደረስኩ። ውሃ ሰጡኝ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝ፣ «ቡክራ፣ ሐቦባ፣ ቡክራ» አሉኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው። ነገም ስሄድ ቡክራ።

ያን ትከሻ ጠማማውን ቀልደኛ ኮንዮ ኮንዮ የዱቄት መጋዘን በር ላይ አገኘሁት፤ ፊቱ ዱቄት ለብሶ ነጭ ሆኗል።

«ሐቦባ! አየሽኝ፣ ፈረንጅ ሆኜልሻለሁ!»

«ቀልዱን ተወውና ዓርብ ትመጣለህ ወይ?»

ጆንያውን አወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየሁት።

«ሐቦባ፣ ጣቴን ባትም ‹ያኔ የት ነበርክ?› ይሉኛል። እዚችው ነበርኩ፣ ዱቄት ስሸከም። ገንዘቡ ደግሞ ለማይሠራ ሰው ነው። ‹መልስ› ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ? ልጆቼ በልተውታል።»

«የእኔን ጣሪያ ነው የበሉት።»

«ማሌሽ» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው። «ወላሂ ሐቦባ፣ እሱ አባታችን ነው። አባት ደግሞ ይችላል።»

«አባት ይችላል!» አልኩት። «መሸከም የምታውቁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ? ምነው የእናንተን ሁሉ ለአንድ ሽማግሌ ጫናችሁበት?»

ጆንያውን በተጣመመው ትከሻው ላይ መልሶ ጣለውና ገባ።

ዓርብ ቢሮው በር ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ ሸሚዙን አስተኩሷል። በመንገዱ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ሦስት የቡድኑ ሰዎች ከማንጎው ሥር ቆመው አየኋቸው። እጄን አነሳሁ። እነሱም አነሱ፣ ሰላምታ መለሱልኝ። ከዚያ እዚያው ቆመው ተነጋገሩ፣ ተነጋገሩና ወደ መጡበት ሄዱ። ባለቤቴም አይቷቸዋል። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ልጁ ራሱ ወጥቶ ጠራን።

«አባባ፣ ካልመጡ ስማቸውን እንኳ ይንገሩኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ ኢንስፔክተር ሄዶ ያገኛቸዋል።»

እኔ ስማቸውን አውቃለሁ፣ የሁሉንም። የሚስቶቻቸውንም፣ የልጆቻቸውንም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ጉልበቴን ያዘ። ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘኝ።

«የሚጻፍ ስም የለም» አለ። «ብቻዬን ነው የበላሁት።»

«አባባ…»

«ብቻዬን ነው የበላሁት፣ ልጄ። ቁረጥ።»

ልጁ ቆረጠ። የተረፈው ለምስማርና ለበር ይበቃ ይሆናል፤ ቤት የሌለው ሰው በር ምን ያደርግለታል? ለቤት ኪራይ ሆነና አለቀ። ዝናቡ ገባ፣ ሱልጣኑም እንዳለው አደረገ። ማዕዘን ላይ ያስቀመጥናቸውን ድንጋዮች አዲሱ ባለ ቦታ ጉልቻ አድርጓቸዋል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሳልፍ ሰላም ይለኛል። በሩ ወደ ወንዙ ነው።

በዚያ ክረምት ብዙ አልተናገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእነሱ ብለህ ነው ወይስ ለስምህ?»

አሰበበት። «ካካፈሉት በኋላ መልሶ መቁጠር ነውር ነው» አለኝ።

«እነሱስ ነውር አያውቁም?»

«እነሱ ልጆች አሏቸው፣ እሜቴ።»

እኛ ቤት የለንም አላልኩትም። ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲያልቅ አዲስ ጭነት ገባ፣ አዲስ አሠሪ መጣ። አንድ ጧት ሰዎቹ ተሰብስበው ከተከራየንበት ግቢ ደጃፍ ቆሙ። ስኳርና ሳሙና ይዘዋል። ቀልደኛው ከኋላ ነው የቆመው፣ ዓይኔን ይሸሻል። ከመካከላቸው ትልቁ፣ «አባታችን፣ አዲሱ ሰውዬ ክፍያውን ለአንድ ሰው ነው የምሰጠው አለ። እርስ በርስ መተማመን አቅቶናል። ና፣ ተቀበልልን» አለው።

«ዛሬ ሁሉም በየእጁ ይቀበል!» አልኩ ከውስጥ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ባለቤቴ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ግድግዳውን ይዞ ነው የተነሳው። ቆቡን ከምስማሩ አወረደ። አላየኝም። ከመካከላቸው የማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ክንዱን ሰጠውና ተደግፎ ወጣ። እየሄዱ፣ «በዚህ ሳምንት የታመመ አለ?» ሲል ሰማሁት።

ስኳሩንና ሳሙናውን ደጃፉ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። አላነሳሁትም። ከሰዓት ዘነበና ስኳሩ ቀለጠ።