አናት ላይ የቀለጠ ቅቤ

ትናንት የልጅ ልጄ ለፈተና ስታጠና፣ «እማማ፣ ሲሞቅ የሚቀልጥ ነገር ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቅቤ» አልኳትና ሳቄ መጣ።

በንጉሡ ዘመን የካ ሚካኤል ግድም ስንኖር ነው። ጾም ተፈቶ መንደሩ ሁሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። እናቴ እንጦጦን አቋርጠው ከሱሉልታ ከሚመጡት ሴቶች ለጋ ቅቤ ገዝታ አናቴ ላይ ጉብ አደረገችልኝና ትምህርት ቤት ሰደደችኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ቅቤው እንደረጋ ነበር። የክፍላችን ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ነው፤ የሚያዝያ ፀሐይ ሲያርፍበት አያስቀምጥም።

አስተማሪያችን አቶ ተሰማ ከጎጃም የመጡ ወጣት ነበሩ። «ጠጣር ነገር ሲሞቅ ፈሳሽ ይሆናል» አሉና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አስካለ፣ እስቲ ተነሺ። አያችኋት? ጠዋት ጠጣር ነበረች፤ አሁን ፈሳሽ ሆናለች!»

ክፍሉ አውካካ። ቅቤው በጆሮዬ ሥር ወርዶ ደብተሬ ላይ ጠብ ይላል። ክፋት አልነበራቸውም፤ ምሳሌ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ «ሁለተኛ አልሄድም» አልኩ። ያኔ ትምህርት የተወች ልጅ መንገዷ ወደ እንጦጦ ነው፤ ቅጠልና ጭራሮ ለቀማ። ይህን እያወቅሁ፣ መማርም እየወደድኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቀረሁ።

እናቴ አልተከራከረችኝም። ሰኞ ጠዋት በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወረደች። ልትጣላ ነው ብዬ ፈራሁ።

«የልጄ አስተማሪ እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው በሩ ላይ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናትዎ የት ናቸው?»

«ጎጃም ናቸው። ካየኋቸው ቆየሁ።»

«ታዲያ ለበዓሉ ማን ቀባዎት?»

አቶ ተሰማ መሬት መሬት አዩ። «ማንም።»

«በሉ፣ ዝቅ ይበሉ።»

ዝቅ አሉ። እናቴ ኮባውን ፈትታ ለጋውን ቅቤ አናታቸው ላይ ጉብ አደረገች፤ በመዳፏ ጫን ጫን እያደረገች መረቀቻቸው። ስለ እኔ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች።

ቅቤውን ሳይጠርጉ ክፍል ገቡ። ረፋዱ ላይ ማጅራታቸውን አልፎ የኮታቸውን ኮሌታ አራሰው። ማንም አልሳቀም። ወደ ሰሌዳው ዞረው ብዙ ቆዩ፤ ፊታቸውን ሲመልሱ ጉንጫቸው ረጥቧል። «ቅቤው ዓይኔ ገባ» አሉን። እኔም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልቀረሁም።

አሁን እኔም አርጅቼ እናቴን ለመምሰል እሞክራለሁ። ሰው ሲያስከፋኝ፣ «ይህንንስ ማን ቀባው?» እላለሁ በልቤ። ብዙ ጊዜ ግን ትዝ የሚለኝ ከሰደብኩት በኋላ ነው።