ደንገጎን ሳትፈላ

መኪናችን ሦስት ቬንትሌተር አላት። ቤታችን ያለው አንድ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው ነው የሚዞረው። የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው አባቴ ማንን አብልጦ እንደሚወድ ከዚህ ይገባዋል።

መኪናዋን ከአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ ሲገዛት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ ወንበር ያላት፣ ድሮ ነጭ የነበረች ናት። በሯ ላይ የነበረውን ጽሑፍ አባቴ ቀለም ቀብቶበታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን አሁንም ይነበባል። በእሷ ስኳርና ፓስታ እየጫነ ጀልዴሳና ዋሂል ሲመላለስ ኖረ። ሙሽራ ጭኗል፣ ሬሳ ጭኗል፣ አንዴ ሁለቱንም በአንድ ቀን። ጉልበቱን ሲያመው ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። ሹፌር ቅጠር ቢባል የሌላ ሰው እግር እንዲነካት አልፈለገም። እናም ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አቆማት፤ ቁልፏን ሽርጡ እጥፋት ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ በኋላ ሽርጡን ሲቀይር ብቻ ነው ቁልፏን የምናየው።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፤ አላለቀስኩም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሬ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፋሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ኮሌታ። ሙሉ ሸሚዝ ሆኖ አንድም ቀን አላየሁትም። ሲሰለቸኝ ተውኩት።

"ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?" አለች እናቴ።

ኒሙ ሥር የቆመችውን መኪና አየሁ። እናቴም አየቻት። "ኡፍ" አለች።

ሐሳቤ ውስብስብ አልነበረም። በጀልዴሳ መንገድ ባጃጅ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ የእኛ መኪና አትቀበርም። ሰውና ዕቃ ላመላልስባት ፈለግሁ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ከዚያ ብዙ ወር ከሥሯ ተኝቼ ኖርኩ። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ በአገጩ እያመለከተ ያዝዘኛል። "እሱን አይደለም፣ ያኛውን።" ያኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ብቅ ብዬ አገጩን አይቼ እመለሳለሁ። ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት አስጨመርኩ። የፊት ጎማዎቹ አብረው እንዲጎትቱ የሚያደርገው ነገር ዝጎ ነበር፤ በናፍጣ ዘፍዝፌ፣ በመዶሻ ለምኜ አላቀቅሁት። ፍሬኗን አደስኩ። ጥሩምባዋ ከሁሉም በፊት ይሠራ ነበር።

አንድ በሽታ ግን አልለቃት አለ። ዳገት ላይ ትፈላለች።

ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጪ ደንገጎ አለ፤ መንገዱ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ተራራው ላይ ይወጣል። መኪናችን አንድም ቀን ሳትፈላ ወጥታው አታውቅም። እመሀሉ አንድ ኩርባ ላይ ውሃ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ደንበኞቿ የፈሉ መኪኖች ናቸው። የእኛን በድምጿ ትለያታለች፤ ገና ሳንደርስ ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ትቆማለች። ልጅ ሆኜ ዘመዳችን ትመስለኝ ነበር። ሐረር በሄድን ቁጥር እሷ ጋ እናርፋለንና።

ለዚህ በሽታ ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ሁሉም የመጣው ከበርጫ ነው። ከሰዓት ላይ አባቴና ከባቡር ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን ኒሙ ሥር ሰሌን ዘርግተው ጫት ይቅማሉ፤ ምርቃናው ሲመጣ መኪናዋ ትሻሻላለች። መጀመሪያ ራዲያተሯ በትልቅ ተቀየረ። ፈላች። ሁለተኛ ቬንትሌተር ተጨመረ። ፈላች። አየር እንዲገባ ተብሎ ኮፈኗ ተበሳ። አቧራ ገባ፣ ፈላች። ሦስተኛውን ቬንትሌተር ያመጣው ጎረቤታችን ነው፤ ባቡር ላይ እንደዚህ ነበር አለ። ባቡር ላይ እንደዚህ እንዳልነበር አባቴም ያውቃል፤ ግን ዕቃው በነጻ ነበር።

ቴርሞስታቱን አባቴ ነቅሎ የጣለው ገና በገዛት ሳምንት ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ነገር ናት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍታለች። ድሬ ላይ ሁሉም ሰው ይነቅላታል። መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ዱዓ ያስደርጋል፣ ቀጥሎ ቴርሞስታት ያስነቅላል።

"ለብርድ አገር ሰው የተሠራ ነው" ይላል አባቴ። "እዚህ እኮ ሞተሩ ተኝቶም ይሞቃል።"

አንድ ከሰዓት ላይ ከመልካ ጀብዱ አንድ ገበሬ መጣ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጎማዎቿን አላየም፣ ወንበሯን አላየም። ሞተሯን ብቻ ነበር የፈለገው። አውጥቶ ከጉድጓዱ ውሃ ሊስብባት ነው።

"ቦዲውስ?" አልኩት።

"ለፍየሎቹ ጥላ ይሆናል" አለ፣ ደስ ብሎት።

ሐሙስ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አባቴ አይሆንም አላለውም።

"ልትሸጣት ነው?"

"ምን ላድርጋት? ዳገት የማትወጣ መኪና!"

"እኔ የምሄደው ጀልዴሳ ነው። ጀልዴሳ ዳገት የለም።"

"አቦ፣ ሁልጊዜ ጀልዴሳ ነው እንዴ የሚኬደው? አንድ ቀን ሐረር ሠርግ ነው ይሉሻል፣ ሰው ትሞያለሽ፣ ደንገጎ ላይ ትፈላለች። ያኔ የሚሰደበው ማነው? 'ልጁን አሮጌ ብረት ላይ አስቀምጦ ላካት' የሚባለው ማነው?"

የኮፈኗን አቧራ በእጄ ጠረግሁ። እሱም ይህን ሲያይ ትንሽ ለዘብ አለ።

"ደንገጎን ሳትፈላ ከወጣች ያንቺ ናት። ከፈላች ሐሙስ ሰውዬው ይወስዳታል።"

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ" አለ ጎረቤታችን ጫቱን እየቀነጠሰ፣ "ከአሁኑ ተሰናበቻት።"

በማግስቱ አባቴን ቁልፉን አስመዝዤ ሞተሩን አስነሳሁና ነዳጅ እየሰጠሁ ቆምኩ። ፉጨት ስትጀምር ወርጄ ሁሉንም ቱቦ በእጄ ዳበስኩ። ላይኛው ያቃጥላል። ታችኛው፣ ከራዲያተር ተመልሶ ወደ ሞተር የሚገባው፣ ለብ ብሎ ነበር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሞተሯ እየፈላች ራዲያተሯ ቀዝቅዟል። ያን ሁሉ ጊዜ የተለወጠው፣ የተነፈሰበት፣ ቬንትሌተር የተደረደረለት ራዲያተር አልደከመም ነበር። ሥራ አልደረሰውም።

ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ ያንኑ ሞተር የሚፈታ አንድ ጢማም ሰው አገኘሁ። ምን ቋንቋ እንደሚናገር አላውቅም። ጣቱን ግን አያለሁ። ቴርሞስታቷን ገልብጦ ከሥሯ ያለችውን ሰሃን የምታህል ክዳን፣ ሰሃን እንኳ አይደለም፣ የሳንቲም ታላቅ የምታህለውን፣ ደጋግሞ ነካ ነካ አደረጋት። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አሳየ። ያኔ ገባኝ። የውሃው በሮች ሁለት ናቸው፤ ቴርሞስታቷ የራዲያተሩን በር ስትከፍት በእግሯ ሌላውን ትዘጋለች። ነቅለሽ ከጣልሻት ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ ብዙው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ሞተር ውስጥ ተመልሶ ይገባል። አባቴ መኪናዋን እንዳትሞቅ ብሎ ሲያፈላት ኖሯል።

መጋላ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ ቴርሞስታት ጠየቅሁ። ባለሱቁ ከወንበሩ ሳይነሳ ሳቀ።

"ብርድ ልብስስ ልጨምርልሽ?"

"አለህ የለህም?"

ነበረው። ከላይኛው መደርደሪያ አወረደው፤ ካርቶኑ ላይ የነበረው አቧራ ገበያው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል።

ቤት ስደርስ እናቴ ፓስታ ልትቀቅል ውሃ ጥዳ ነበር። ቴርሞስታቷን በክር አስሬ ድስቱ ውስጥ ሰደድኳት።

"ምን እያደረግሽ ነው? ድስቴን!"

"አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው። ዝም ብለሽ እይ።"

ቆመን አየን። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። አወጣኋት፤ ስትበርድ ዘጋች። እናቴ ራሷ ክሩን ተቀብላ መልሳ ከተተቻት፣ እንደገና አወጣቻት።

"ይሄ ነገር ሲሞቀው ይከፍታል፣ ሲበርደው ይዘጋል" አለች። "አባትሽ ሲሞቀውም ሲበርደውም አይዘጋም።"

ውሃውን ደፍታ ሌላ ጣደች። ሚስጥሬ ውስጥ ግን ገባች። ረቡዕ ጠዋት አባቴ ሳቢያን ለቅሶ ሊደርስ ሲወጣ በሩን ሸጎረችው፤ ስልኳን አብርታ ያዘችልኝ። ውሃውን አፈሰስኩ፤ የዛጉትን ቡሎኖች ፈታሁ፤ ቴርሞስታቷን ቦታዋ አስቀምጬ መልሼ አሰርኩ። ውሃ ሞላሁ። እጄን ታጥቤ ስጨርስ አባቴ በሩን አንኳኳ።

"ምነው ሸጎራችሁት?"

"ድመት እየገባች" አለች እናቴ።

አባቴ ለፈተናው የመረጠው የዚያኑ ቀን ስምንት ሰዓት ነበር፣ ድሬ ላይ ውሻ እንኳ ጥላ የማይለቅበት። አልተከራከርኩም። ቁልፉን ከሽርጡ ፈቶ ሰጠኝና ከጎኔ ተቀመጠ፤ እግሩ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን አደረገ። እምነቱን ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ጮኸ።

"እየፈላች ነው!"

"አልፈላችም።"

"መርፌዋን እያት! በሕይወቴ እዚህ ቦታ ላይ አይቻት አላውቅም!"

እውነቱን ነው። የሙቀት መርፌዋ ሜዳ ላይ ከታች ተኝታ ነበር የምትውለው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ዘልላ ቀዩ ላይ ትወጣለች። መሀል ላይ ቆማ ማንም አይቷት አያውቅም።

"መሀል መሆን አለባት" አልኩት።

"ማን አለ? ምን አደረግሻት?"

"ቴርሞስታት አስገባሁላት።"

የመርፌዋን መስታወት በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ መንገዱን ትቼ ልየው አልኩና ኩርባ ስለነበር ተውኩት። ሁለት ኩርባ አልፈን ቀና አለ።

"ማን ሸጠልሽ?"

ነገርኩት።

"እሱ ሌባ ነው።"

ስለ ሁለቱ በሮች ነገርኩት። መስማቱን አላውቅም፤ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነበር። አንድ ከባድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሹፌሩ ጥላ ፍለጋ ጎማው ሥር ገብቷል። አልፈነው ወጣን። እዚያ ጋ መርፌዋ ተነቃነቀች። ከመሀል ትንሽ ከፍ አለች። ከዚያ ትንሽ ጨመረች። አባቴ ጀሪካኑን በእጁ ያዘ። እኔ ያሰብኩት ፍየሎቹን ነበር፤ የኋላ ወንበሮቿ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ተኝተው። ማርሽ ቀነስኩ። መሪው እጄ ላይ ረጠበ። ሌላ ኩርባ ዞርን፣ መርፌዋም ቀስ ብላ ተመልሳ መሀል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም።

የውሃዋ ሴት ጋ ስንደርስ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ቆማ ነበር።

"ቁሚ" አለ አባቴ።

"አልፈላችም እኮ።"

"ቁሚ፣ ነውር ነው።"

አልቆምኩም። ዳገት መሀል ላይ ለይሉኝታ አይቆምም። በመስታወት አየኋት፤ ጀሪካኗን እንደያዘች፣ ቤት ሳይገባ ያለፈ ዘመድ እንደምታይ አየችን።

አናቱ ላይ ነፋሻ ቦታ ስንደርስ ዳር ይዤ አቆምኩ። አባቴ እያነከሰ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የሚፎጭ ነገር የለም። የጀሪካኑን ውሃ የሚያፈስበት ቢያጣ እግሩን ታጠበበት።

"ንፋስ ነበር ዛሬ" አለ።

"ንፋስ አልነበረም።"

"ትንሽ ነበር።"

ስንመለስ ሳይጠይቀኝ ሴትዮዋ ጋ አቆምኩ። እየሮጠች መጣች።

"ፈላች?"

"አልፈላችም" አለ አባቴ።

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ቆማችሁ?"

"ውሃ አምጪ፣ እኔ ልጠጣ።" ጠጣ። አፉን ጠረገ። "ቴርሞስታት አስገባንላት።"

አስገባን አለ። እኔ ሳስገባ እሱ ለቅሶ ላይ ነበር። ከዚያ አስረዳት፤ ሁለቱን በሮች፣ አቋራጩን ቀዳዳ፣ ሥራ ያልደረሰውን ራዲያተር፣ ሁሉንም በእጁ እየሠራ፣ እኔ ከነገርኩት አሳምሮ። ለካ እየሰማ ነበር። ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጥራ አዳመጠች።

"እና ድሬ ያለ መኪና ሁሉ ይሄ ነገር የለውም?"

"ማን አለው! ሁሉም ነቅሎ ጥሎታል።"

ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

"አቦ በአላህ፣ ለማንም አትንገር።"

አባቴ አየት አደረጋት፣ መንገዱን አየ፣ ታች ኮፈኑን ከፍቶ የቆመውን ከባድ መኪና አየ።

"አልናገርም" አለ።

ሌላ ጊዜ ሞተሯን አስነስቼ ስፈትሽ፣ ገና ሳላጠፋት እጁን ለቁልፍ ይዘረጋል። የዚያን ቀን ቤት ስንደርስ ወርዶ ሊታጠብ ገባ። ቁልፉን ይዤ ቆየሁ፤ ሽርጥ ስለሌለኝ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

ሐሙስ ገበሬው መጣ። አባቴና ጎረቤታችን ሰሌናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ዘይት አፈስሳለሁ።

"እንዴት ሳትፈላ ወጣች ግን?" አለ ጎረቤታችን። ከትናንት ጀምሮ የጠየቀው እሱን ብቻ ነው።

"ንፋስ ነበር" አለ አባቴ።

"ሦስተኛው ቬንትሌተር ነው" አለ ጎረቤታችን። አባቴ አልተከራከረውም።

ገበሬው ስለ ሞተሩ ሲያነሳ አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተው። "ባለቤቷን ጠይቅ።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከሥር አየኝ። "አንቺ፣ ሞተሯን ትሸጫለሽ?"

"አልሸጥም።"

"ታዲያ ውሃዬን በምን ልሳብ?"

"ፓምፕ ግዛ። ጭኜ የማደርስልህ እኔ ነኝ፤ ኪራዩን ትከፍላለህ።"

ተነሥቶ መኪናዋን አያት። አሁን ጎማዎቿንም ወንበሯንም አየ።

"ትፈላለች አሉ" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ።

አባቴ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ።

"መልካ ጀብዱ ምን ዳገት አለው?" አለው።