የቡሬ እንገር

ተረፈች ሊቤ ላሟን ለምን አልሸጠቻትም? አላውቅም። ጠይቄያታለሁ፤ «እስቲ ተወኝ» ብላ ገብስ መልቀሟን ቀጠለች። ባሏ አልጋ ላይ ነበር፤ ገዢው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከከበቧት ሰዎች መካከል አንድም አትሽጪ ያላት አልነበረም። ገዢውን ከዚያን ቀን በፊት በዓይኗ አይታው አታውቅም። ሌላ ሰው በእሷ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ግን አውቃለሁ። አድርጎታላ።

ተረፈች ሰበታ ተወልዳ ሰበታ ያደገች፣ አርባ አራት ዓመት የሞላት ሴት ናት። አባቷ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የፋብሪካ አጥር ቆሟል። ለእሷና ለባሏ ለዲሪርሳ የቀራቸው አንድ ግቢ፣ እኔ ከምኖርበት ጋር ሁለት የሚከራዩ ክፍሎችና ሁለት የዲቃላ ላሞች የሚያድሩበት በረት ነው። ላሞቹን ከእሷ በቀር ማንም አያልባቸውም። ወተቷን ለሰፈሩ ሰው ትሸጣለች፤ ውሃ የሚቀላቅሉትን ሻጮች ደግሞ መንገድ ላይ በስማቸው እየጠራች ትሰድባለች። ስድቧ ጠላት አፍርቶላታል፤ ወተቷን ግን ጠላቶቿም ይገዙት ነበር።

ቡሬ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ላም፣ የመጣችው ከተፍኪ ነው። የሸጠላቸው የዲሪርሳ አጎት ኦቦ ባጫ ነው። ኑሮው ተፍኪ ቢሆንም የእኛም ሰፈር ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ሰርግ ላይ የሚመርቅ። «ይቺን ላም ለባዳ አልሰጥም፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ ትሂድ» ብሎ ገመዷን በእጁ አስረከባቸው። ተረፈች ይህን ስትሰማ እጁን ሳመች። ሳመችው!

ቡሬ በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ጥጃዋን ጣለች። እንግዴ ልጁም አልወጣ አለ። ዲሪርሳ እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱ፣ እንደ ሰፈሩ ወንድ ሁሉ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ በባዶ እጁ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ በሳሙና ታጠበና ራቱን በላ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ጀመረው።

የተከተለውን ዓመት ልንገራችሁ። የላሞቹን መኖ፣ ኩንታል ፋጉሎ፣ ብቻውን ከጋሪ የሚያወርድ ሰው ከወንበር ለመነሳት የሚስቱን ትከሻ የሚፈልግ ሆነ። ቀን ደህና ይውላል፤ ሲመሽ ትኩሳቱ ይመጣል፤ አንሶላው በላብ ይርሳል። ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ ዳሌው አለቀ። ስድስት ክሊኒክ ሄዱ። ታይፎይድ ነው ተባለ። ታይፈስ ነው ተባለ። ወባ ነው ያለም አለ፤ እዚህ ብርድ ውስጥ ወባ! እንደገና ታይፎይድ ነው ተባለ። ስድስቱም ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ስድስቱም እጁ ላይ ደረቅ እበት እያዩ፣ «ከብት ታረባለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አንድ አልነበረም። አንዲት ጥያቄ ናት። ለመጠየቅ መሣሪያ አያስፈልጋትም፤ መብራት ቢጠፋም ትጠየቃለች።

የጠየቀችው ሰናይት ናት፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ሌላኛዋን ላም ልትከትብ መጥታ የዲሪርሳን ማቃሰት በመስኮት ሰማች። ቡሬ ጥላ እንደምታውቅ ስትሰማ መርፌዋን አስቀመጠች። ከሁለቱም ላሞች ደም ወሰደች፤ ዲሪርሳንም አዲስ አበባ ሄዶ እንዲመረመር ጻፈችለት። ውጤቱ ሲመጣ የቡሬና የዲሪርሳ በሽታ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሌላኛዋ ላም ነጻ ናት።

«ብሩሴላ ይባላል» አለች ሰናይት። «ባክቴሪያ ነው። ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ግራም ኔጌቲቭ ከሚባሉት ወገን ነው። የላም ማህፀን ውስጥ ይራባል፣ ጥጃ ያስጥላል፣ በወተትና በእንግዴ ልጅ ይወጣል። ሰው ላይ ሲገባ ደግሞ…» በአገጯ ወደ ዲሪርሳ አልጋ አመለከተች።

«አሁን ግን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል እኮ፣ ዶክተር። ድና ሊሆን ይችላል።»

«አልዳነችም። ከጣለች በኋላ በደህና ልትወልድ ትችላለች። እሱ ነው የባሰው፤ ሰው ድናለች ብሎ ወተቷን ይጠጣል። ደግሞ እኔ ዶክተር አይደለሁም እትዬ ተረፈች።»

«ለእኔ ነሽ። ያልሆኑትማ ባሌን ያዩት ናቸው። መድኃኒቱስ?»

«ለእሱ አለ፤ ስድስት ሳምንት አንድ ቀን ሳያጓድል ይውሰድ። ለእሷ የለም። መታረድ ነው ያለባት።»

ቄራው እርጉዝ ላም ስለማይቀበል መውለዷን መጠበቅ ግድ ሆነ። ተረፈች የሆነውን ሁሉ ለኦቦ ባጫ በስልክ ነገረችው። እሱም «እሺ፣ እኔ መላ አበጅላታለሁ» አለ።

ቡሬ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወለደች። ተረፈች ሰናይት የሰጠቻትን እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት አድርጋ አዋለደቻት። ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍራ እንግዴ ልጁን ከነፈሳሹ ቀበረች፤ ኖራም ነሰነሰችበት። ጥጃው ወንድ ነው፤ ወዲያው ቆመ። ወሬውም ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰ።

እዚህ ሰፈር ላም ስትወልድ እንገር ለብቻ አይበላም። የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት ጎረቤት ሁሉ ይቋደሰዋል፤ ለሕፃን ጉልበት ይሆናል ይባላል። እንገር የነፈገ ሰው ከሰፈሩ ራሱን እንደቆረጠ ይቆጠራል። ጣሳ ይዛ የቀደመችው ሮዳስ ነበረች፤ አጠገባችን ተከራይታ የምትኖር፣ ትንሽ ልጅ ያላት ሴት።

«እንኳን ቡሬን ማርያም ማረቻት!» አለች እየሳቀች። «ለልጄ ሞልተሽ ነው የምትሰጪኝ፤ ባለፈው ጉንፋን አድክሞታል።»

ተረፈች መልስ ሳትሰጣት የግቢው በር ተከፈተ። ኦቦ ባጫ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ገባ። ከኋላው አንድ ሰው ነበር፤ ኤርምያስ ይባላል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቡራዩ ቤት ሠርቷል፤ ለልጆቹ አንዲት የወተት ላም ይፈልጋል።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!» አለ ባጫ ለሁሉም። «ይኸው ኤርምያስ፣ ላም ማለት ይቺ ናት። ጥጃዋን እየው፣ ከእሱ በላይ ምን ምስክር አለ? ተሬ፣ ልጄ፣ እንገሩን ለጎረቤት አድይ፤ ለእንግዳውም አቅምሺው።»

መላ ያለው ይህ ነበር።

ተረፈች በረት ገብታ እንገሩ ያለበትን ባልዲ ይዛ ወጣች። ሮዳስ ጣሳዋን ዘረጋች። ተረፈች በአጠገቧ አልፋ ወደ ጉድጓዱ ሄደችና ባልዲውን ኖራው ላይ ደፋችው።

ቀድሞ የጮኸው ባጫ ነው።

«ሂንታኡ! እንዴት ይሆናል! እንገር መሬት ላይ ይደፋል? አብደሻል?»

«ኦቦ ባጫ፣ አንቱ ጋ እያለች ጥላ ታውቅ ነበር?»

«በሰው ፊት ምን የሚሉት ጥያቄ ነው!»

«በሰው ፊት ነው የምጠይቅዎት።»

«ሁለት ጊዜ ጥላለች! እና? የማን ላም አይጥልም? እኔ ሞትኩ?»

«አልሞቱም። ዲሪርሳ አልጋ ላይ ነው፤ ይግቡና ይዩት። ጫማዎትን ሳያወልቁ ይግቡ፤ ከዚህ በላይ ቤቴን አያቆሽሹትም።»

ባጫ አልገባም። ከዘራውን መሬት ላይ ሁለቴ መታ። ኤርምያስ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ላሟ ታማለች እያሉኝ ነው?»

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ሂድ። በሽታዋ ወደ ሰው ይተላለፋል። ባሌን ይኸው አንድ ዓመት አስተኝቶታል።»

እዚህ ላይ አመስግኖ የሚሄድ ይመስላችኋል። ኤርምያስ ጥጃውን አየ፣ የቡሬን ትልቅ ጡት አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ወተቱን አፍልተን ብንጠጣውስ? ዋጋዋን ትንሽ ከቀነሱልኝ…»

«ስታልባትስ? እጅህን ታፈላዋለህ?»

ያን ጊዜ ተናደደ፤ ከቡራዩ ድረስ አመላለሳችሁኝ ብሎ እየተሳደበ ወጣ። ሮዳስም ባዶ ጣሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «አልሰጥም አይባልም? ጣሳዬን ዘርግቼ! ምን ያህል ብትንቂኝ ነው!» አለችና ሄደች። ተረፈች ከኋላዋ በሽታውን እየዘረዘረች ጠራቻት። ሮዳስ አልዞረችም።

ባጫ በሩ ላይ ቆሞ ጣቱን ቀሰረ። «ስሚ። ዲሪርሳ የወንድሜ ልጅ ነው፤ አልሸጥም አላለኝም። አንቺ ካልሸጥሽ ደላላ ይዤ እመጣና ራሴ ፈትቼ እወስዳታለሁ። የት ይሸጣል ብለሽ አትጨነቂ፤ ሱሉልታም ገበያ አለ።»

ዲሪርሳ እውነትም አልሸጥም አላለም ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «አጎቴ ነው፣ ምን ልበለው?» አላት። ተረፈች መድኃኒቱንና ውሃውን አቀበለችውና ወጣች።

የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ወገን ግን በእሷ ላይ ነው። ግማሹ ላለመስጠት ደፋችው አለ። ግማሹ በሽታውን አምኖ ከነጻዋ ላም የምትሸጠውንም ወተት ተወ። ሰናይት የምርመራውን ወረቀት ይዛ ቤት ለቤት ብትዞር የሰማት የለም። ውሃ የሚቀላቅሉት ገበያቸው ደራ። ባጫስ? ባጫ በዚያው ሳምንት አንድ ባልና ሚስት አስታረቀ፤ ተመረቀም። የደበቀው ይከበራል፣ የተናገረችው ትገለላለች። ይህን ያልኩት አጋንኜ አይደለም፤ በመስኮቴ ያየሁት ነው።

የቄራው መኪና ረቡዕ እንደሚመጣ ተነገራት። ተረፈች እስከዚያ የበረቱን በር በሰንሰለት ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች፤ ሰኞንም ማክሰኞንም በሩ ላይ ዱላ ይዛ ተቀምጣ አነጋች። እኔ ልተካሽ ብላት «አንተ መጽሐፍህን አንብብ፤ ደላላ ሲመጣ ገጽ ትገልጣለህ» አለችኝ። ባጫ ማክሰኞ ማታ እውነትም ደላላውን ይዞ መጣ። በግቢው በር ስንጥቅ ዱላዋን አይቶ ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት አይሱዙው መጣ። ሰናይት ደብዳቤውን ለአራጆቹ ኃላፊ ሰጥታ «ያለ ጓንት ማንም እንዳይነካት፤ ጡቷና ማህፀኗ ይቀበር» አለች። ሁለት ጫኞች ተያይተው ሳቁ። ተረፈች የአንደኛውን ክንድ ያዘች፤ «የእኔም ባል ስቆ ነበር» አለችው። ሳቁን አቆመ። ቡሬን ጫኑ፤ እሱም ሳይያዝ አይቀርምና ጥጃውንም ጫኑ። ጥጃው ሲነሳ ጮኸ፤ ተረፈች ፊቷን አላዞረችም።

መኪናው ሲሄድ በረቱን በበረኪና አጠበች፣ ጓንቶቹን አቃጠለች፣ ሌላኛዋን ላም አለበች። የሚገዛ ስላልመጣ ወተቱን ለዲሪርሳ አፈላችለት፤ እስኪጨርስም አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ቦቲ ጫማዋን ሳታወልቅ የበረንዳው አግዳሚ ላይ ጋደም አለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።