ለባለጉዳያቸው ዋስ የሚጠሩት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ፣ አዳማ ከዳኛው ግቢ ፊት ለፊት፣ ግራሩ ሥር የሚቀመጡባት ድንጋይ ባዶዋን ቀርታለች። ጠበቃ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ግን የሚቆምለት ላጣ ሁሉ ያለ ዋጋ ይሟገቱ ነበር። እኔም ጠበቃ ነኝና በነጻ የሚሠራ ሰው አላምንም። የተደበቀ ጥቅም አላቸው ብዬ ለዓመታት ስከታተላቸው ኖርኩ። አላገኘሁም፤ መጠርጠሬን ግን አልተውኩም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ወሰን የገፋባት፣ ባሏ የሞተባት ሴት መጣች።

«በነጻ? እንግዲያው ከባላጋራዬ ጋር ተማክረዋላ!» አለቻቸው።

አጎቴ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። «ጎሽ ልጄ! ጠበቃ ይጠረጠራል። ዋስ ጥራ በይኝ።»

ከሳሽ ተከሳሹን ዋስ ሲያስጠራ እንጂ፣ ጠበቃ ለገዛ ባለጉዳዩ ዋስ ሲጠራ ያየ የለም። እሳቸው ግን እንዳይከዷት ከድንጋይዋ አጠገብ መደብ ዘርግቶ የሚሸጠውን ጨው ነጋዴ ዋስ አቆሙላት። የተገፋው መሬትም ተመለሰላት።

በተዝካራቸው ቀን የከተማው ጠበቆች ሁሉ አመሰገኗቸው። «እንግዲያው ድንጋይዋ ላይ በየተራ እንቀመጣ» ብላቸው፣ አንዱ «በነጻ?» ብሎ እንደ ሌባ አየኝ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም አጎቴን ያየሁት እንደዚያው ነበር።

ባለፈው ገበያ ብቻዬን ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንተስ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ዋስ ጥራ ይበሉኝ» አልኳቸው።

ጨው ነጋዴው ሳይጠራ ከመደቡ ተነሣ።